የሐኪሞች የተረኝነት ድልድል በኮምፒዩተር

የሐኪሞች የተረኝነት ድልድል በኮምፒዩተር ማለት በአንድ ሆስፒታል ወይም ክፍል ውስጥ የትኛው ሐኪም በየትኛው ቀንና ሌሊት ተረኛ እንደሚሆን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በእጅ ከመሥራት ይልቅ በፕሮግራም የማውጣት ዘዴ ነው። ሠንጠረዡ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተለምዶ «የዲዩቲ ፕሮግራም» ይባላል። ጉዳዩ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች በሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ሥር የሚመደብ ሲሆን፣ በዘርፉ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው «የነርሶች ድልድል ችግር» በሚል ስም ነው። የሐኪሞቹም ድልድል በጥቂት ነገር ብቻ ይለያል።

ቀድሞ ይህን ሥራ በኮምፒዩተር ለመሥራት ውድ ሶፍትዌር መግዛት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ክፍል በነፃ ወይም በትንሽ ወጪ በሚገኙ የኢንተርኔት መሣሪያዎች የራሱን ድልድል ማውጣት ይችላል። ስሌቱ ርካሽ ሆኗል። አስቸጋሪው ሥራ ደንቡን መጻፍ ነው፤ ማለትም ቀድሞ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የነበረውን «ማን በዓል ይሠራል፣ ማን ያርፋል፣ ማን ቅድሚያ ያገኛል» የሚለውን ፍርድ ሁሉም ሊያየው በሚችል መልኩ ማስቀመጥ ነው።

የችግሩ ክብደት

ድልድሉን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከሬዚደንቶቹ መካከል የተመረጠ ቺፍ ሬዚደንት ወይም የክፍሉ ኃላፊ ነው። ይህ ሰው ራሱም ተረኛ ስለሆነ ለራሱ አድልቷል ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ባያደላም።

ቁጥሩ ከሚታሰበው በላይ ነው። 10 ሐኪሞች ያሉት ክፍል በ30 ሌሊቶች በእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ተረኛ ብቻ ቢያስፈልገው፣ ሊኖሩ የሚችሉት ድልድሎች ብዛት ከ1 በኋላ 30 ዜሮ ያለው ቁጥር ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ድልድል የሚመረምር ኮምፒዩተር ሁሉንም አይቶ ለመጨረስ ከ31 ትሪሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሁሉንም አይቶ የተሻለውን መምረጥ የሚባለው መንገድ አይሠራም። ጠቅላላው የድልድል ችግር በኮምፒዩተር ሳይንስ ኤንፒ-ሃርድ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይህም ማለት በማንኛውም መጠን ላለ ችግር ሁልጊዜ በፍጥነት የሚፈታ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም ማለት ነው። በተግባር ግን የአንድ ክፍል መጠን ያለው ችግር ጥሩ በሆነ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ይፈታል።

ነገሩን በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ 4 ሐኪሞች አሉ እንበል። ቀኖቹ 3 ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀን 3 ፈረቃ አለው፤ አንድ ሐኪም በቀን ከአንድ ፈረቃ በላይ አይሠራም። እንግዲህ በየቀኑ 3 ሐኪሞች ይሠራሉ፣ አንዱ ያርፋል። የሚያርፈውን ለመምረጥ 4 መንገድ አለ፤ የቀሩትን 3 ሐኪሞች በ3ቱ ፈረቃ ለመደልደል ደግሞ 6 መንገድ አለ። ለአንድ ቀን 24 ይሆናል፤ ለ3 ቀን 24 × 24 × 24 = 13,824።

አሁን «እያንዳንዱ ሐኪም ቢያንስ 2 ፈረቃ ይሥራ» የሚል ደንብ ይጨመር። ይህ ማለት ማንም ሁለት ቀን አያርፍም ማለት ነው። ዕረፍቱ ለ3 የተለያዩ ሰዎች ይደርሳል፤ መንገዱም 4 × 3 × 2 = 24 ነው። በፈረቃዎቹ አደላደል 6 × 6 × 6 = 216 ሲባዛ 5,184 ድልድል ይቀራል። (ኦአር-ቱልስ ከተባለው ሶፍትዌር ጋር በሚሰጠው መመሪያ ላይ በነርሶች ምሳሌ የሚታየው ቁጥርም ይኸው ነው፤ በእጅ ማረጋገጥ መቻሉ ለጀማሪ ተማሪ ጥሩ መነሻ ያደርገዋል።) ዶክተር ሀ በሁለተኛው ቀን ዕረፍት ከጠየቀ የሚቀረው 1,296 ነው። በዚያው ቀን ዶክተር ለም ዕረፍት ብትጠይቅ የሚቀረው ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም በቀን አንድ ሰው ብቻ ነው ማረፍ የሚችለው።

ከ13,824 ወደ ዜሮ ለመድረስ አንድ ደንብና ሁለት ጥያቄ ብቻ በቂ ሆነ። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ «መፍትሔ የለም» ይላል እንጂ ከሀ እና ከለ ማን ይቅር የሚለውን አይወስንም። የሀ ጥያቄ የእህቱ ሠርግ፣ የለ ጥያቄ ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ ቢሆን ፕሮግራሙ ልዩነቱን የሚያውቀው አስቀድሞ በቁጥር ከተነገረው ብቻ ነው።

የሥራ ሰዓት ሕጎች

ድልድል የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ብቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ በተደረገ ጥናት ደግሞ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚዘልቅ ፈረቃ የሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ፈረቃቸው ካጠረበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር 36 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ከባድ ስሕተት ሠርተዋል።

በአሜሪካ ለጉዳዩ መነሻ የሆነው ሊቢ ዚዮን የተባለች የ18 ዓመት ተማሪ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 በኒውዮርክ ሆስፒታል ውስጥ መሞቷ ነው። የሞቷ ምክንያት ለዓመታት ቢያከራክርም፣ ሲያክሟት የነበሩት ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ረጅም ሰዓት ይሠሩ እንደነበር በይፋ ታወቀ። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት፣ በተከታታይ ደግሞ 24 ሰዓት ላይ ገደበ። እ.ኤ.አ. በ2003 የ80 ሰዓቱ ገደብ የሐኪሞችን ሥልጠና በሚቆጣጠረው አካል አማካይነት በመላ አገሪቱ ተግባራዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞች ከ16 ሰዓት በላይ በተከታታይ እንዳይሠሩ ተደረገ፤ በ2017 ይህ ገደብ ተነሣ።

የተነሣበት ምክንያት ሊታወቅ ይገባል። ፈረቃ ሲያጥር ርክክብ ይበዛል፤ በእያንዳንዱ ርክክብ ስለ በሽተኛው የሚታወቅ አንድ ነገር ሊጠፋ ይችላል። በቀዶ ሕክምናና በውስጥ ደዌ ሠልጣኞች ላይ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶችም (እ.ኤ.አ. 2016 እና 2019) የፈረቃ ርዝመት ሲላላ የበሽተኞች ሞት እንደጨመረ አላገኙም። ክርክሩ አልተዘጋም።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሥራ ጊዜ መመሪያ ሳምንታዊ ሥራን በአማካይ በ48 ሰዓት ይገድባል፤ በየ24 ሰዓቱም 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ያዛል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ከስፔን፣ በ2003 ደግሞ ከጀርመን በቀረቡለት የሐኪሞች ጉዳዮች ላይ፣ ሐኪሙ በሥራ ቦታው ተገኝቶ ተረኛ የሆነበት ጊዜ በሙሉ የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ወሰነ፤ በጀርመኑ ጉዳይም በመሐል ጥቂት መተኛት መቻሉ ይህን እንደማይለውጥ ገለጸ። ይህ ውሳኔ ለድልድል ሠሪ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ቀድሞ በዜሮ ይቆጠር የነበረው ሰዓት በአንድ ጊዜ ወደ ሒሳቡ ገባ።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የሚመለከተው የግል ሆስፒታሎችን ሲሆን የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኞች በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራሉ።

ሕግ ወደ ፕሮግራም ሲገባ ያልታሰበ ነገር ይከሰታል። «በ4 ሳምንት አማካይ 80 ሰዓት» የሚለውን ደንብ ሰው ሲያነበው በየሳምንቱ 80 ገደማ የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ግን የ4ቱ ሳምንት ድምር ከ320 አይብለጥ ብሎ ብቻ ነው የሚረዳው። 100፣ 60፣ 100፣ 60 ሰዓት ቢሆን ለእሱ ደንቡ ተከብሯል። በሦስተኛው ሳምንት የደከመው ሐኪም ግን በአማካይ አይተኛም። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን የእያንዳንዱን ሳምንት ጣሪያና በፈረቃዎች መካከል ያለውን ዕረፍት ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል።

የዘዴው ታሪክ ባጭሩ

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ አወጣ፤ በ1954 ደግሞ የመንገድ ክፍያ ሰብሳቢዎችን ፈረቃ በዚህ ዓይነት ሒሳብ መደልደል እንደሚቻል አሳየ። በ1970ዎቹ ተመሳሳይ ዘዴዎች ለነርሶች ድልድል መዋል ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የኮምፒዩተሩ ፍጥነትና ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዘዴዎቹ ራሳቸውም በእጅጉ ተሻሽለዋል።

ርካሽ መሣሪያዎች

የተለመደው አሠራር ሦስት ክፍል አለው። ሐኪሞች የዕረፍት ጥያቄያቸውን እንደ ጉግል ፎርምስ ባለ ቅጽ ይሞላሉ፤ መልሱ በቀጥታ ወደ ጉግል ሺትስ ሠንጠረዥ ይገባል፤ ከዚያ አንድ ፈቺ ፕሮግራም (ሶልቨር) ሠንጠረዡን አንብቦ ድልድሉን መልሶ ይጽፋል። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን እንኳ ጠቃሚ ነው። ጥያቄ በኮሪደር፣ በስልክና በቴሌግራም ሲመጣ የሚረሳ አለ፤ በቅጽ ሲመጣ ማን መቼ እንደጠየቀ ይታያል።

ፈቺውን በሚመለከት ጀማሪዎች በመጀመሪያ የሚሞክሩት ኤክሴል ውስጥ ያለውን ሶልቨር ነው። ይህ ከ200 በላይ ተለዋዋጮችን አይቀበልም። ከላይ የተጠቀሰው የ10 ሐኪሞችና የ30 ሌሊቶች ክፍል «ይህ ሐኪም በዚህ ሌሊት ተረኛ ነው ወይስ አይደለም» የሚል ጥያቄ 300 ጊዜ ስለሚጠይቅ ከመነሻው አይበቃም። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኦፕንሶልቨር በዚያው ኤክሴል ላይ ተጭኖ ይህን ጣሪያ ያስወግዳል፤ ነፃና ኮዱም ክፍት ነው።

በጉግል ሺትስ ላይ ደግሞ አፕስ ስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ አለ፤ በውስጡም የኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ ችግሮችን የሚፈታ አገልግሎት ይገኛል። ጉዳቱ አንድ ስክሪፕት በአንድ ጊዜ ከ6 ደቂቃ በላይ መሥራት አለመቻሉ ነው።

ትንሽ ፓይተን ለሚያውቅ ሰው የተሻለው ምርጫ ከጉግል የወጣው ኦአር-ቱልስ ነው። ይህ በነፃ የሚገኝ ኮዱ ክፍት የሆነ ስብስብ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሲፒ-ሳት የተባለ ፈቺ ሚኒዚንክ በተባለው ዓመታዊ የፈቺ ፕሮግራሞች ውድድር ላይ በተደጋጋሚ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ጉግል ኮላብ ላይ በብራውዘር ብቻ ስለሚሠራ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። ሲፒ-ሳት እያንዳንዱን ድልድል አይመረምርም፤ አንድ ምርጫ ወደ ግጭት ሲያደርሰው የግጭቱን ምክንያት እንደ አዲስ ደንብ ይመዘግብና ያን ምክንያት የያዙትን ድልድሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተዋል። ከ31 ትሪሊዮን ዓመት ወደ ሰከንዶች የሚያወርደው በዋናነት ይህ ነው።

ደንብና ምርጫ

ወደ ፕሮግራሙ የሚገቡ ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። የማይጣሱት ደንቦች ናቸው፤ ለምሳሌ የሌሊት ተረኛ የነበረ ሐኪም በማግሥቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል አይመደብም፣ ኢንተርን ያለ ሬዚደንት ብቻውን አያድርም። ቢቻል የሚከበሩት ደግሞ ምርጫዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ያልተከበረ ምርጫ የቅጣት ነጥብ ይሰጥና ፕሮግራሙ ጠቅላላ ቅጣቱ ትንሹን ድልድል ይፈልጋል።

ፍትሕ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ «ጠቅላላ» በሚለው ቃል ነው። ሁለት ድልድሎች አሉ እንበል። በአንደኛው 4 ሐኪሞች አንድ አንድ ጥያቄ ተከልክለዋል፤ ድምሩ 4 ነው። በሁለተኛው አንዲት ሐኪም ብቻ 3 ጥያቄ ተከልክላለች፤ ድምሩ 3 ነው። ድምርን የሚያሳንስ ፕሮግራም ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ያውም «ምርጥ መፍትሔ» የሚል ማኅተም አትሞበት። ክፍሉ የሚፈልገው ይህን ካልሆነ የሚያሳንሰው ድምሩን ሳይሆን የአንድ ሰው ከፍተኛ ጫና መሆን አለበት፤ ወይም ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ክልከላ ከመጀመሪያው በላይ መቀጣት አለበት። ይህ በኮዱ ውስጥ የአንድ መስመር ለውጥ ነው። የትኛው ይሁን የሚለው ግን የፕሮግራመር ውሳኔ መሆን የለበትም፤ ክፍሉ ተሰብስቦ ሊነጋገርበት ይገባል።

ሌላው የሚረሳው ያለፈው ወር ነው። ፕሮግራሙ በየወሩ ከባዶ ከጀመረ ባለፈው የፋሲካን ሌሊት ያደረው ሰው በሚቀጥለው እንቁጣጣሽም ሊደርሰው ይችላል፤ ማስታወሻ የለውምና። ስለዚህ የሌሊት፣ የቅዳሜና እሑድ እንዲሁም የበዓል ተረኝነት ለእያንዳንዱ ሐኪም እየተደመረ የሚቀመጥበት የሒሳብ ገጽ ያስፈልጋል። ብዙ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው ከማይጠይቀው የበለጠ እንዳያተርፍ ለሁሉም እኩል ነጥብ ሰጥቶ ነጥቡን እንደፈለጉ በቀኖቹ ላይ እንዲያከፋፍሉ ማድረግም ይቻላል። ይህ ካልሆነ ዝም ያለው ሰው ይጎዳል።

የኢትዮጵያ ሰዓትና የዘመን አቆጣጠር

ውጭ አገር የተሠሩ መሣሪያዎችን በኢትዮጵያ ለመጠቀም የሚሞክር ሰው በቅድሚያ የሚሰናከለው በሰዓት ነው። «ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 2» የሚለው ፈረቃ ለሠንጠረዡ 20:00 እስከ 8:00 ነው። አንዱ ሐኪም በቅጹ ላይ 2:00፣ ሌላው 8:00፣ ሦስተኛው 20:00 ብሎ ቢጽፍ ሦስቱም አንድ ነገር ማለታቸው ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ግን ሦስት የተለያየ ሰዓት ያነባል፤ ስሕተት መሆኑንም አይናገርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰዓት እንዲጻፍ አለመፍቀድ። ቅጹ «ቀን» እና «ሌሊት» የሚሉ ምርጫዎችን ብቻ ይያዝ።

ቀኖቹም እንዲሁ ናቸው። ጉግል ሺትስም ሆነ ኤክሴል በሕዋሶቻቸው ውስጥ ቀን የሚቆጥሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስላላት «ወር» በሚለው የሚሠራ ደንብ፣ ለምሳሌ «በወር ከ7 ሌሊት አይብለጥ» የሚለው፣ ትርጉሙ ይዛባል፤ በወር ፈንታ በ4 ሳምንት መቁጠር ይሻላል። የሰው ኃይል ክፍሉ የተረኝነት ክፍያ የሚያሰላው በኢትዮጵያ ወር ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የኢትዮጵያው ቀን የሚጻፍበት አንድ ዓምድ መጨመር ያሻል። አለበለዚያ የአንድ ሌሊት ክፍያ በሁለት ወር መካከል ይጠፋል።

በዓላት በእጅ የሚሞላ ዝርዝር ያስፈልጋቸዋል። ፋሲካ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ኢድ አልፈጥር ጨረቃ በመታየቷ ስለሚወሰን በሁለት ቀን ሊሆን እንደሚችል ታስቦ ለሁለቱም አማራጭ ተረኛ ማዘጋጀት ይገባል። ክርስቲያንና ሙስሊም ሐኪሞች አብረው በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ አንዱ የሌላውን በዓል መሸፈን ለሁሉም የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ይህን የሚያደርገው ሐኪሙ ራሱ የሚፈልጋቸውን በዓላት በምርጫው ካስገባ ነው። የሰውን ሃይማኖት ከስሙ ገምቶ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ስሕተትም ነውርም ነው።

ከታተመ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

ድልድሉ ወጥቶ በ9ኛው ቀን አንድ ሐኪም ቢታመም ፕሮግራሙን እንደገና ማስኬድ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። ይህ አደገኛ ነው። ፈቺው ከአዲስ ተነሥቶ የሁሉንም ሰው ቀሪ ወር ሊገለብጥ ይችላል፤ ልጅ የሚጠብቅላት ሰው ያዘጋጀች፣ የአውቶቡስ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይታወካል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር የሚቀጣው ነገር ከታተመው ድልድል መለየት መሆን አለበት፤ ለውጡ በጥቂት ሰው ላይ እንዲያርፍ። በሁለት ሐኪሞች ስምምነት የሚደረግ ቅያሬም ሠንጠረዡ ላይ ተመዝግቦ ከደንቦቹ ጋር መመርመር አለበት፤ በቴሌግራም ብቻ ከቀረ ያ የሌሊት ተረኛ በማግሥቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገኛል።

የግል መረጃም አለ። «ለምን ዕረፍት ፈለግህ» የሚለው ሣጥን ሲሞላ እርግዝና፣ ሕመም፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሁሉ ይጻፍበታል፤ ሠንጠረዡን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ይከፍተዋል። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ጤና የሚመለከት መረጃ የተለየ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ምክንያት አያስፈልገውም፤ ቀኑና የክብደቱ ነጥብ ይበቃዋል። ሣጥኑን ከቅጹ ላይ ማጥፋት ነው።

ፕሮግራሙ «መፍትሔ የለም» ሲል ብዙ ጊዜ ስሕተቱ በኮዱ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ደንቦቹን አንድ በአንድ እያነሡ እንደገና በማስኬድ የትኛው ደንብ ከየትኛው እንደተጋጨ ማወቅ ይቻላል። ሁሉም የዕረፍት ጥያቄ ተነሥቶም መልሱ ያው ከሆነ፣ ክፍሉ በሕግ የተፈቀደውን ሰዓት አክብሮ ለመሥራት የሚበቃ ሐኪም የለውም ማለት ነው። በእጅ የሚሠራ ሰው ይህን ጉድለት ሳያውቀው አንድ ሰው ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት በመጫን ይሸፍነዋል። ፕሮግራሙ ስንት ሐኪም ሲጨመር መፍትሔ እንደሚገኝ ቆጥሮ ማሳየት ስለሚችል፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ አስተዳደር መሄድ ይቻላል።

በየወሩ የተጠናቀቀው ድልድል ታትሞ በክፍሉ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ ተረኛው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ፋይሉና ስክሪፕቱ በአንድ ሬዚደንት የግል ኢሜይል ሥር ከተፈጠሩ ደግሞ ሰውየው ሥልጠናውን ጨርሶ ሲሄድ አብረውት ይሄዳሉ። የክፍሉን የጋራ አካውንት ከመጀመሪያው ቀን ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲይዘው ማድረግ ይህን ያስቀራል።